የድልድዩ ፖስተኛ

ወንዙ ትዊድ ይባላል፤ ከወዲህ እንግሊዝ፣
ከወዲያ ስኮትላንድ፤ ውሃው ሁለቱንም እኩል የሚያቀዘቅዝ።
ሳልሞን ሽቅብ ሲወጣ ማን ጠይቆት ፓስፖርት?
እኔም ድልድዩን ስሻገር፣ ስመለስ ኖርኩት
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በቀይ መኪና፣
አንድ ጉልበቴ አርጅቶ፣ አንዱ ገና ደህና።
የማን ውሻ እንደሚናከስ፣ የማን በር እንደሚያነክስ አውቃለሁ፣
ማን ደረሰኙን ሳይከፍት እሳት እንደሚያያይዝበት አይቻለሁ።

ታምሲን ከወዲህ ናት፣ የቧንቧ ሠራተኛው ልጅ፣
ኤልስፔት ከወዲያ፣ አባቷ ዓሣ አጥማጅ።
በሰባት ዓመታቸው ከድልድዩ ግንብ ላይ እግር አንጠልጥለው፣
ጠጠር እየወረወሩ፣ «ፖስተኛው! ለእኛስ የለም?» ብለው
ይጮሁብኝ ነበር። «ስታድጉ» እላለሁ።
አደጉ። ነሐሴ ላይ ሁለት ፖስታ ይዤ ከበራቸው ደርሻለሁ።

አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ኤዲንብራ ሁለቱም፣
የእንስሳት ሕክምና፤ ወንበሩም፣ መምህሩም፣
የሚከፈተው የላም ሆድም አንድ ነው።
ፖስታው ግን ለየብቻው ነው።

የኤልስፔት ቀለለ፦ «ክፍያሽ ተሸፍኗል፣
በትምህርትሽ በርቺ፤ መንግሥት ይከፍላል።»
የታምሲን ከበደ። ገጹ ብዙ ነበር፤
ወለዱ በመቶኛ፣ ፊርማሽን እዚህ ጋር፣
ሳይከፈል የቀረው በአርባ ዓመቱ ይሰረዛል ይላል።
ዝናብ ነበርና ግባ አሉኝ፤ አባቷ በጣቱ ይደምራል፦
«ስትመረቅ ሃያ ሦስት፣ አርባ ሲጨመር…
ስልሳ ሦስት» አለ። ዝም አለ ቀጥሎ፣
የገዛ ዕድሜው ታየው ከወረቀት በቅሎ።

መንገድ ላይ ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።

ከዚያ ደግሞ አልኩኝ፦ ምን አገባኝ እኔን?
የኮሌጅ ደጅ መች ረገጥኩ? በአሥራ ስድስት ዓመቴ ተሸከምኩ ከረጢቴን።
ከደመወዜ ሲቆረጥ ማንም አላማከረኝ፣
የዳኛ ልጅ ዳኛ ሲሆን ለድግሱ አልጠራኝ።
«ነጻ» የሚሏት ቃል ከፋይ የሌላት መስላ፣
ሂሳቧን ትልካለች ለእኔ ቢጤ፣ በጓሮ ዞራ፣ ቀስ ብላ።

የካቲት ላይ በረዶ አዳለጠኝ፤ የተሰበረው ደህናው ጉልበት ነበር።
የአጥንት ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ስታየኝ ጠየቅኳት፣ ዝምታው እንዲሰበር፦
«ይህን ስትማሪ ማን ከፈለ?» «ራሴ፤ ገና አላለቀም።
የጉልበትህ ሂሳብ ግን ወዳንተ አይመጣም።»
መልስ ይሁን ጥያቄ አልገባኝም ያን ለታ።
ስድስት ሳምንት አልጋ ላይ፤ ያለ እኔ የከረመ ፖስታ፣
የመበለቷ ጡረታ፣ የልጇ ካርድ ከባሕር ማዶ፣
ሁሉም የእኔን ጉልበት ጠበቀ፣ መጋዘን ውስጥ ተገድዶ።
ታዲያ ጉልበቴ የማን ነው፣ የእኔ ወይስ የመንደሩ?
የተማረ እጅስ? ልፈርድ ስል፣ ያ የዳኛ ልጅ ተመልሶ ቆመ ከበሩ።

በሦስተኛው ፋሲካ ሁለቱም መጡ፤ ወንዙ ዳር አንዲት በግ አማጠች፣
ግልገሉ ተጣሞ፤ ታምሲን ጭቃው ላይ ተንበረከከች፣
ኤልስፔት ባትሪ ያዘች፣ «ወደ ግራ፣ ቀስ» እያለች።
እስከ ክርኑ ገባ፣ ያ ባለዕዳ እጅ።
ወጣ፤ ቢጫ፣ እርጥብ፣ እያነጠሰ። እናቱ ላሰችው፤
ምን ገዷት፣ በማን ገንዘብ ተማረ የሰው ልጅ።

አጨበጨብኩ። ያኔ ሁሉም ነገር ቀላል መሰለኝ።
ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ስለይ ግን ያ ፖስታ መጣብኝ፣
የዓመቱ መግለጫ፣ ወለዱ ተደምሮ፣
አባትየው ከግድግዳ ሰዓቱ ጀርባ የሚያኖረው ሳይከፍት፣ ከአምናው ጋር አጣምሮ።
አድራሻውን አላነብም፤ እጄ ያውቀዋል በክብደቱ፣
ድልድዩን አልሻገርም፤ ወዲህ ነው ቤቱ።