አልገጥም ያለ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ውኃ በማክሰኞና በዓርብ የምትመጣበት፣
ሊፍቱ በጉድጓዱ ብቻ የሚታወቅ።
መስታወት ፊት ቆሜ አገጬን በአውራ ጣት
ገፋ አደርገዋለሁ፣ ይዤ እቆያለሁ።
ስይዘው ሌላ ሴት፤
ስለቀው አባቴን እመስላለሁ።

ጥበቃ ነበረ፣ ሌሊት ፊሽካ ነፊ።
ከላይ ጥርሱ ሥር ፊሽካዋ ቤት አላት፤
«ለፊሽካ የተሠራ አፍ» ይሉታል፤ ይስቃል።
መሬት አላወረሰኝም ሲሞት፤
አገጩን ግን ያለ ካርታ፣ ያለ ውል፣
እንካችሁ ሳይል።

እኔ ፊደል አስተምራለሁ፣ ለአምስት ዓመት ልጆች።
መ ስል ከንፈሬ አይገናኝም፣ ጥርሴ ታችኛውን ይነክሳል፤
በ ስል ቨ ይወጣል፤
ፊደሉ ያለ ፈቃዴ ቆብ ይለብሳል።
ባለፈው የሲፈን እናት መጣች፣
«ቲቸር፣ ልጄ በጉን ‹ቨግ› ትላለች» አለች።
ሲፈን ጎበዝ ናት።
እኔን ነው የሰማች።

ዶክተር ምንያህል ፊልሙን ብርሃን ላይ ሰቀለ።
ስምንት ሚሊ።
«ሁለት መንገድ አለ።
አንዱ ሽቦ ብቻ፤ ከላይ ሁለት ጥርስ እንነቅላለን፣
የቀሩትን ወደ ኋላ እንስባለን፣
ሁለት ዓመት ተኩል። ጥርስሽ ይገጥማል፤
አጥንትሽ ግን ባለበት ይቆማል።
መሸፈን ነው እንጂ ማቅናት አይባልም።
ሌላው ቢላ ነው። የታች መንጋጋሽን ግራ ቀኝ ሰንጥቀን
ወደፊት አምጥተን በብሎን እናስራለን።
እሱም በሽቦ ይጀምራል፤
ያኛው የሚሸፍነውን ግን ይሄኛው ይገልጣል፤
መጀመሪያ ይብሳል።»
ይህን ሲል ፊቴን አላየም።
«ደግሞ» አለ፣ እስክሪብቶውን እየከደነ፣
«የታች ከንፈርሽ ሊደነዝዝ ይችላል።
ለወራት። አንዳንዴም ለሁልጊዜ።»

ከንፈሬ ይገጥማል ማለት ነው።
መግጠሙን ላያውቅ ይችላል።

ከብሎካችን ሥር ፌሮ የሚያጥፈውን ጋሽ ሆርዶፋን
ስለ ብረት አስመስዬ ጠየቅሁት፦
«የተጣመመ ፌሮ ቀስ ብሎ ማቅናት ይሻላል
ወይስ ቆርጦ መበየድ?»
ቀና ብሎ አገጬን አየ፤ ሰው ሁሉ ያያል።
«ምን ሊሸከም ነው?» አለኝ።
«ለአጥር ከሆነ አጉብጠሽ አስጠጊው፣ ማን ይመረምራል?
ለኮለን ከሆነ ግን…»
የሲሚንቶ መኪና መጣ፤
ቀሪውን ዋጠው።

እቁቤ በግንቦት ይወጣል።
ለሽቦው ይበቃል፤ ለቢላው ግማሹ ይጎድላል።
እህቴ ትርሲት «ማን ምን አለሽ?» ትላለች።
ማንም ምንም አላለኝም።
ስስቅ እጄ አፌ ላይ የሚወጣው
ማንም ሳያዘው ነው።
ልግጠም እላለሁ፣ ማታ ደብተሬን ከፍቼ፤
አልገጥም ይላል።

አባቴ የሞተ ዕለት
አገጩን በሻሽ ወደ ላይ አሰሩለት።
ያን ቀን ከንፈሩ ገጠመ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
የማላውቀው ሰው መሰለኝ፤
በዋይታው መሃል ለቅሶዬ ቆመ፤
«ይፍቱት» ልላቸው ነበር፤
አፍሬ ዝም አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ሰሌዳው ፊት
አገጬን በአውራ ጣቴ ገፋሁና
«በ» አልኩ።
ንጹሕ በ። ቆብ የለው፣ ምን የለው።
ሠላሳ አንድ ልጅ፣ ሠላሳ አንድ አውራ ጣት፣
አገጩን እየገፋ «በ!» አለ።
ሲፈን አገጯ ሙሉ ነው፣ መግፋት አያሻትም፤
እሷም ገፋች፣ ከሁሉ አብልጣ፤
እንዲህ ነው የሚባለው ብላ።

በእረፍት ሰዓት ከመጸዳጃው ጀርባ ቆሜ
ለዶክተሩ ደወልኩ።
«ወስኛለሁ» አልኩት።
«የትኛውን?»
«መጀመሪያ የሚብሰውን።»
አልሰማኝም፤ ነፋስ ነበር፣ ቁፋሮ ነበር።
ደገምኩለት።
ብ ላይ ስደርስ
ጥርሴ የታች ከንፈሬን ነከሰው፤
በደንብ ተሰማኝ።