ተራራ በመዳፍ

ማኖይ ቴሮይ አለ፣ ከደወል ቤቱ ግራ፣
ካሜራ ያነገተ፣ ጎብኚ የሚጣራ።
ቤተ ክርስቲያኑን ድሮ እሳተ ገሞራ ውጦት፣
ደወል ቤቱ ብቻ ቀርቷል፣ አንገቱን አስግጎት።
"እጅሽን ዘርጊው እስቲ፣ ወደ ግራ ትንሽ፤
ከፍ፤ ዝቅ፤ እንደሱ፤ አይንቀጥቀጥ ክንድሽ።"
ቀጭ ሲል፣ ያ ሁሉ ቋጥኝ፣ ያ ሁሉ እሳትና ጭስ፣
ማዮን የሚሉት ተራራ፣ የአልባይ ግርማ ሞገስ፣
መዳፏ ላይ ይቀመጣል፣ እንደ ጫጩት ልስልስ።
ሃምሳ ፔሶ ነው ዋጋው፤ ካልወደዱት ይመለስ።

እኔ ከጎኑ አለሁ፣ ከአሮጌ ጃንጥላ ሥር፣
አይስክሬም የምሸጥ፣ ሚጥሚጣ ያለው፣ የምር።
ይስቃሉ መጀመሪያ፤ "በረዶ ምን ያቃጥላል?"
ሦስተኛው ማንኪያ ላይ ግን፣ ዓይናቸው እንባ ይሞላል።
አልባይም እንዲሁ ናት፤ አፍ ላይ ስትገባ ቀዝቅዛ፣
ከዋጧት በኋላ ነው፣ የምትጠይቅ ጉሮሮ ይዛ።

"ቀጥሎስ ወዴት ነው?" ይሉታል ሲጨርሱ፤
ከዚህ ሜዳ ርቆ አያውቅም እሱ ራሱ፤
ግን ያወራቸዋል፣ ስድስቱን የቢኮል ክፍለ ሀገር፣
ደርሶ እንደመጣ ሰው፣ እጁን እያወናጨፈ ሲናገር።
"ሶርሶጎን፣ ዶንሶል ውረዱ፤ ቡታንዲንግ አለ እዚያ፣
ዓሣ ነው፣ አውቶቡስ ያህላል፣ ጀርባው ዝንጉርጉር እንደ ገበያ፤
አፉ ጎተራ፣ ምግቡ ግን በዓይን የማይታይ፤
አጠገቡ ብትዋኙ፣ ዞር ብሎ እናንተን አያይ።
ማስባቴ ከብት ነው ወሬው፤ በወቅቱ ከሄዳችሁ፣
ወይፈን በገመድ ሊጥል፣ የባንክ ጸሐፊ ሳይቀር
አፈር ሲልስ ታያላችሁ።"
ሁለቱን ካማሪኔስ፣ የአናናሱንና የደሴቱን፣
ሁሌ ያምታታቸዋል፤ እኔ ነኝ የማርመው ስህተቱን።
"ካታንዱዋኔስ ግን..." ይልና፣ ዓይኑ ይሸሻል ወደ ባሕር፤
አውሎ ነፋስ በሷ በር ነው የሚገባ፣ ሳያስፈቅድ፣ ሳያፍር።
ልጁ ኤስተሊታ እዚያ ናት፣ አስተማሪ ሆና በቪራክ፤
ዘጠኝ ዓመት ደብዳቤ የለም፤ እሱም አልደፈረ እንዲልክ።

ያን ዓመት፣ ኅዳር ሲያልቅ፣ ዝናቡ ሲወቃን ውሎ፣
ተራራው ጥቁር ጭቃውን፣ ድንጋዩን አንከባሎ፣
ወረደ በእኛ መንደር፣ ማታ፣ እራት ሳይነሳ፤
ማናይ ሊዲንግ ቀረች፣ ከነድስቷ፣ ከነዓሣ።
ቤቱ በነበረበት፣ የኮኮናት ጫፍ ብቅ ብሎ፣
እጅ ይመስል ነበር፣ "እዚህ ነኝ" የሚል፣ ከመሬት በቅሎ።
"ከዚህ እንሂድ" ብትል ልጁ፣ "እናትሽን ጥለን?" አላት፤
በሳምንቱ መርከብ ያዘች፤ ወደብ ድረስም አልሸኛት።

ካሜራውን ያኔ ገዛ፣ በብድር፣ ከአራጣ ቤት።
"ሚስትህን የበላ ተራራ፣ ትሸጣለህ እንዴት?"
ብንለው፣
"ባለዕዳዬ እሱ አይደል?" አለ፤ "በየቀኑ ይክፈለኝ በሉት።"

ያለፈው ማክሰኞ ደመና ነበር፤ ተራራው ጠፍቷል።
ከቪራክ ተማሪዎች መጡ፤ ጫጫታቸው ጆሮ ይበሳል።
ከኋላ አንዲት አስተማሪ፣ እንደ ሰው ሁሉ ተሰልፋ፣
ሃምሳ ፔሶዋን ቆጥራ ሰጠች፣ ዘረጋች መዳፏን ከፍታ።
"ወደ ግራ ትንሽ" አለ፤ ድምፁ ግን ተሰነጠቀ፤
"ከፍ፤ ዝቅ፤ እንደሱ፤" ከካሜራው ኋላ ተደበቀ።
"ተራራው የለም እኮ።"
"አለ" አላት፤ "ብቻ እጅሽን፣ ትንሽ ከበድ ይበለው።"
ቀጭ።
ፎቶው ባዶ መዳፍ ነው፣ ደመና ብቻ የሞላው።

ሁለት አይስክሬም ሰጠኋቸው፣ ሚጥሚጣውን አብዝቼ፤
ሌላ ምን እላለሁ፣ እኔ በመሃል ገብቼ?
ድንጋይ ላይ ጎን ለጎን ሆነው፣ ዝም ብለው ላሱ፤
"ያቃጥላል" አለች እሷ። "ያቃጥላል" አለ እሱ።
"ሚጥሚጣው ነው" አልኳቸው ለልጆቹ፣ ዓይናቸውን ሲያብሱ።