የተኛ ልጅ ሳይነቃ

ካንሳስ ሜዳ ላይ ነው፣ የተተወ የአውሮፕላን ማረፊያ፣
ስንጥቁን ሣር የወረሰው፣ የነፋስ መፋለሚያ።
እሑድ ጠዋት ኮን ደርድረን፣ ግርጌውን በጠመኔ ከበን፣
ለአንዲት ደቂቃ ሩጫ፣ ግማሽ ቀን በፀሐይ ነደን።
ኮን የገጨ፣ ሁለት ሰከንድ ይጨመርበታል፤
ሰዓት አማላጅ አይሰማም፣ ያየውን ይናገራል።

ያን ዓመት ሙሉ እኔ፣ ደሞዜን ለመኪና ገበርኩ፤
ሞላውን አሳጠርኩ፣ አሞርዛተሩን ቀየርኩ፣
ቱርቦ ጨመርኩ፣ ሰፊ ጎማ፣ እንደ ማስቲካ የሚጣበቅ፣
የኋላ ክንፍም ገዛሁ፣ መኪና እንደማይበር ሳውቅ።
ሰዓቱ ግን ያው ሃምሳ አንድ። ቀጣዩ ሩጫም ሃምሳ አንድ።
ጥፋቱን ለነፋስ ሰጠሁ፣ ለኮንክሪቱ፣ ለመንገድ።

ቬልማ ክራውስ መጣች ያኔ፣ ጡረታ የወጣች ሾፌር፣
ሠላሳ ዓመት የኖረች፣ የተማሪ አውቶቡስ ስታሽከረክር።
ከኋላ ያንቀላፋ ልጅ፣ ኩርባ ላይ እንዳይነቃ፣
ትታጠፍ ነበር በበረዶ፣ በአቧራና በጭቃ።
ማዝዳዋ ቀለሟ የነጣ፣ በሯ በሽቦ የታሰረ፣
ሞተሯ ከፋብሪካ እንደወጣ፣ አንድ ብሎን ያልተቀየረ።
መንገዱን በእግሯ ሦስቴ ዞረች፣ ኮን ለኮን ቆማ እያየች፣
ዳዊት እንደሚደግም ሰው፣ ከንፈሯን እያነቃነቀች።

አርባ ዘጠኝ።
«ሰዓቱ ተበላሽቷል» አልኳት።
«ቁልፍህን ወዲህ በል» አለች። ሳልወድ በግዴ ሰጠኋት።
በእኔው መኪና፣ እኔን ከጎኗ ጭና፣ አርባ ስድስት ከግማሽ!
ጎማው አልጮኸም እንኳ፤ ሽሽ ይል ነበር ብቻ፣ ሽሽ።

«ጎማህ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም፤ ሁለት ሰከንድ ሰጥቶኛል፤
የቀረውን ግን ዓይንህ፣ አፍንጫህ ሥር ይጥለዋል።
ሦስተኛውን ኮን እይ፤ የፊተኛው ያልፋል ራሱ፤
ሎሌ ነው እጅ ለዓይን፤ ዓይን ካየው ነው መድረሱ።
መሪውን፣ እንደ ባለዕዳ አንገት፣ አጥብቀህ አትነቀው፤
ፍሬን ከመታጠፍህ በፊት፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ጸሎት ነው።»

ከሰዓት ማዝዳዋን ነዳሁ። ሃምሳ አራት።
አንዷን ኮን ከሆዷ ሥር፣ እስከ መጨረሻው እየጎተትኳት።
ደግሜ ሮጥኩ፤ ሃምሳ ሦስት። አንዲት ኩርባ ላይ ለአፍታ፣
ጎማው ሽሽ ሲል ሰማሁት፣ እንደ እናት፣ በዝግታ።

ማታ ወደ ቤት ስመለስ፣ ብርጭቆ ውሃ ሞልቼ
ከጎኔ አስቀመጥኩ፤ የተኛ ልጅ ነው ብዬ ገምቼ።
ሁለት ማይል ሙሉ ተኛልኝ፤ መንገዱ ቀጥ ያለ ነበረና።
በመጀመሪያው ኩርባ ነቃ፤ ሱሪዬን አራሰው።
ብርጭቆውን ሞላሁና፣
ዞርኩ፣ እንደገና።