በብብት የሞቀ መቀስ

መብራቱ ጠፋና ከሆጤ እስከ ሮቢት፣
ከጦሳ ጉም ወርዶ ገባ በየቤት።
ሠላሳ ሰባቱን ዲግሪ የያዘው
ገንዳችን ቀዝቅዟል፤ ማን ይመልሰው?

ከውሻቸው ጋራ ዘበኛው ጋ ደረስኩኝ፤
"ጋሽ እንድሪስ፣" አልኩኝ፣
"ለአንድ ሰዓት ብቻ ብብትዎን ያውሱኝ።"

ሳቁና ጋቢውን ገለጥ አደረጉ፣
ጣት የማታክለውን ብልቃጥ ሸሸጉ።
"እንደ ዶሮ ያስታቀፍሽኝ ምን ይፈለፈላል?"
"መቀስ ነው፣" አልኳቸው፣ "ማሽላ ይለያል።
የቆቦ ጅጉርቴ፦ አንዱን አቀንጭራ ይጨርሰዋል፣
አንዱን አይደፍረውም፤
መልካቸው ግን አንድ ነው።
በአንዲት ፊደል ብቻ ነው የሚለያዩት።"

"ዓይን የለው፣ እጅ የለው። በምን ያውቃል ታዲያ?"
"በዳሰሳ።
ሁለት ክር በተገመደበት ይንሸራተታል፣
ጂ ኤ ኤ ቲ ቲ ሲ፤ እዚች ጋ ይቆማል።
አንዷ ከጎደለች ሳይነካት ያልፋታል፣
ስድስቱ ከሞሉ ከጂ ቀጥሎ ይቆርጣል።
ቃሏ ግን ጉድ አላት፦
የላዩን ክር ከግራ፣ የታቹን ከቀኝ፣
ብታነባት ያው ናት።"

አልገባቸውም።
ጉም ባላበው መስኮት ላይ በጣቴ ጻፍኩ፦
ውሃው።
በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠሩት
ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ው። ሃ። ው።
ከማዶ ተነሥተው ደግሞ ተመለሱበት።
"አጃኢብ!"

"መቀሱም ሁለት ሆኖ ይመጣል፣
አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች።
ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም፤ አራት ፊደል ይተርፋል፣
እንደ ጋቢዎ ዘርፍ ይንጠለጠላል፣
መሰሉን እስኪያገኝ ውሃ ይዳብሳል።"

"ማን ሠራው?"
"ማንም። ባክቴሪያ ያቆመው ዘበኛ ነው፤
ቫይረስ በሌሊት ሲገባ ገመዱን ሊበጥስ።"
"እሺ፣ የጌታውን ገመድስ? እዚያም ያቺ ቃል ብትኖር?"

ዘበኛ ነው የጠየቀኝ።
ዝም አልኩ። እናቴ ትዝ አለችኝ፣
የጃማ ልጅ፣ አንገቷ ላይ አረንጓዴ ድርድር፤
ባቲ ሰኞ ገበያ ጠፍቼ፣ አልቅሼ፣
ከስንት ነጠላ መሃል በዚያች አንገት የለየኋት።

"ተነቅሷል፣" አልኳቸው። "የጌታው ገመድ
በዚያች ቃል ላይ ትንሽ ነጥብ አለው።
መቀሱ ሲዳስስ ትጎረብጠዋለች፤
የቤት ናት ይልና እጁን ይሰበስባል።"

ሰዓቱ ሞላ። ብልቃጧን መለሱልኝ፣
ላብና የጫት ሽታ ይዛ።

መብራቱ ሊነጋ ሲል መጣ።
ያንዱ ዘር ተቆርጦ ሁለት መስመር ሆኗል፣
ያንዱ እንደ ገባ ሙሉ ወጥቷል፤
ሦስተኛው ግን ሦስት አለው፣ ከሁለቱም ወርሶ።
የማን ማሳ እንደሆነ እንኳ አልጻፍኩበትም።

ላሳያቸው ሮጥኩ። የሉም፤ ሱብሂ ሄደዋል።
መስኮቱ ላይ፣ ከእኔ ጽሑፍ ሥር፣ በወፍራም ጣት
አንድ ቃል ተጨምሯል፦
ውሻው።