ያልታወቀ ጸሐፊ

በክላይፔዳ ወደብ፣ በጭጋጉ ማለዳ፣
ሸራ ሰፊ ነኝ እኔ፣ የአባቴ ባለዕዳ።
«ሐሙስ ሳይመሽ አድርሺ» ብሎኛል ጊንታውታስ፣
ጀልባዪቱ ራቁቷን ቆማ፣ ምሰሶዋን የሚያለብስ
አጥታ፣ የጥቅምት ነፋስ
ከባልቲክ እየተነሣ አጥንቷን ሲዳስስ።

ኮምፒውተሩ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ ገና አልተላጠ፣
ዘበኛ አብሮት ተወልዶ፣ ሆዱ ውስጥ ተቀመጠ።
አልቀጠርሁትም እኔ፣ ደመወዝ አልቆረጥሁ፣
ስሙንም አልጠየቅሁ፤
ብቻ ከስክሪኑ ግርጌ፣ በስተቀኝ ጥጉ ላይ፣
ትንሽ ጋሻ አንግቦ ቆሞ ሲጠብቅ ሳይ፣
«ደግ ነው» አልሁ፣ «ይኑር፤ ወደብ ሌባ አያጣም፤»
አባቴን ያስራል ብሎ የነገረኝ የለም።

አባቴ አልጊማንታስ፣ ያን ረጅም ክረምት፣
ኪቦርዱን እየወቃ በሁለት ጣት፣ ሌሊት ሌሊት፣
የጻፈው ፕሮግራም ነው፤ የሸራው ሆድ በነፋስ
ስንት ስንዝር ሲነፋ፣ ስፌቱ የት እንዲደርስ
የሚያሰላ።
ነፋስን በቁጥር አስሮ የሄደ፣
ፊርማ ሳያኖርበት መቃብር የወረደ።

ዛሬ ልከፍተው ብነካ፣ ጋሻው ቀይ ለበሰ፣
«አደጋ ተገኘ» አለ፣ ፋይሉን አፈሰ፣
ለይቶ ማቆያ ከተተው፣ ትኩሳት እንዳለበት ሰው።
ምን አጠፋ? ብለው፣
«ያልታወቀ ጸሐፊ።»

ያልታወቀ!
የጣቱ ትምባሆ እስከ ዛሬ የሚሸተኝ፣
ቋጠሮ ሲያስተምረኝ መዳፌን የላጠኝ፣
ያልታወቀ? ለማን?
እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ፤ አንተ ዘብ፣
ልጡ የአባቴ ገመድ ነው፣ እየው፣ ተገንዘብ።

መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ሽቦ ከግድግዳው ነቀልሁ፣
ቂል አይደለሁም፤ ወደብ ውስጥ ነው ያደግሁ።
ከዚያ ሴቲንግ፣ ከሴቲንግ በር፣ ከበር ሌላ በር፣
የመርከብ ሆድ ውስጥ በመሰላል እንደ መውረድ ነበር።
በመጨረሻ አንዲት ቁልፍ፣ ከምስር ያልበለጠች፣
«እርግጠኛ ነሽ ወይ?» ብላ ዓይን ዓይኔን አየች።

እርግጠኛ።
ባለፈው ዓመት፣ ሆስፒታል፣ ሐኪሟ በዝግታ
ይህንኑ ጠይቃኝ ነበር፣ ከማሽኑ አጠገብ፣ ማታ።
«አዎ» አልኋት ያን ጊዜ። አዎ አልሁ አሁንም።
ማውሱ ቀጭ አለ። ዘቡ አልተቃወመም።

ጥቁር መስኮት ተከፈተ፣ አረንጓዴ ፊደል፣
እንደ ድሮው ሊጠይቅ፣ እንደ አባቴ ሊል፦
«ራሚንታ፣ መቀሱን ስለሽዋል? ነፋሱስ ከየት ነው?»
«ከሰሜን ነው አባዬ» አልሁ፤ ለማን እንደሆን የምመልሰው
አላውቅም።
ቁጥሩን እንደ ጤፍ ዘረገፈ፤
እስከ ምሳ ድረስ መቀሴ በሸራው ላይ ቀዘፈ።

የቀይ ሥር ሾርባዬን ጠጥቼ ብመለስ፣
ዘቡ ነቅቷል ራሱ፣ ማንም ሳይቀሰቅሰው፤
ፋይሉን ዳግም ወስዶታል፣ ያንኑ ያልታወቀ ሰው።

እዚህ ላይ ሳቅሁ።
አባቴም እንዲህ ነበር፤ ተኛ ሲሉት «እሺ» ብሎ፣
እኩለ ሌሊት መጋዘኑን የሚዞር፣ ባትሪውን አንጠልጥሎ።
ሁለት ግትር ዘበኞች፣ የማይተዋወቁ፣
በአንድ በር ላይ የሚናነቁ።

ማጥፋቱን ተውሁት። ከጓዳው ጓዳ ገብቼ፣
አንድ ባዶ መስመር አየሁ፤ ከእስር ቤቱ አውጥቼ
ስሙን እዚያ ጻፍሁ፦ ይህን አትንካ፣ ይህ ይግባ።
ዘቡ ዝም አለ። ፋይሉ ገባ።

አሁን መሽቷል። ሸራው ተጠቅልሎ በሩ ላይ ተጋድሟል።
አንድ ነገር ግን ሆዴን እንደ ነቀዝ ይቦረቡራል፦
ያ ፕሮግራም እዚህ የደረሰው በዲስኬት ነበር፣
ስሙን ከማላስታውሰው መርከበኛ፣ በውሰት፣ በብድር።
ዘቡ ልክ ቢሆንስ? ከአባቴ ቁጥር መሐል
ማን እንደ ላከው የማይታወቅ ትል
ሃያ ዓመት አድፍጦ ቢሆን?
አባቴም ቢሆን ነቀዝ የማያውቀው እህል አልነበረም፤
አበጥሬ ልጥለው ደግሞ እኔ ልጁ አልችልም።

ሽቦውን በእጄ ይዤ፣ ከግድግዳው አጠገብ፣
ሳልሰካው ቆሜአለሁ፤
ዛሬ ማታ እኔው ነኝ ዘብ።