እጅ መስጠት

ደወል መቺው እኔ ነበርኩ፤ ደወል ከተባለ እንኳ፣
የፊያት ቸርኬ ተሰቅሎ፣ በመፍቻ ሲንኳኳ።
ፒያሳ፣ ሲኒማ ቤቱ፣ ወንበሩ ተነስቶ፣
በገለባ ፍራሽ መድረኩ ተሞልቶ፣
ቅዳሜ ከሰዓት ገበያው ሲበተን፣
ስሙኒ ከፍሎ ይገባል ሰዉ፣ ሊያይ አውሬዎቹን።

አቶ ሽባባው ናቸው አውሬ ያደረጓቸው፣
አዘዞ ላይ ጆንያ ሲያወርዱ አይተዋቸው።
አንዱ አዛናው ነው፣ የወፍጮ ቤት ልጅ፣
ዱቄት ያሸበተው፣ ዕድሜ አይደለም እንጂ።
ክንድዬ ደግሞ የቆላድባ ሰው፣
ዝም ሲል የሚከብድ፣ ሲስቅ የሚብሰው።
«በሉ» አሏቸው «ከዛሬ ወዲያ ሰው አይደላችሁ፤
የስሜን ገደል ነው የወለዳችሁ።
ቋንቋ አታውቁም። ስም የላችሁም። ፀጉር ነው ልብሳችሁ።»

የፍየል ለምድ ነበር፣ በጥላሸት ጠቁሮ፣
እናቴ የሰፋችው፣ ጅማቱ ተወጥሮ።
ሲያልባቸው ጥቀርሻው ይወርዳል በደረት፤
የተጋጣሚው ጀርባ ይቀራል በምልክት፦
አምስት ጥቁር ጣት።

መጀመሪያ ጥሬ ሥጋ አስነክሰዋቸው ነበር፤
እዚህ አገር ታዲያ ማን ሊደነግጥ? ማን ሊሸበር?
ሰዉ አይቶ ተራበ፤
አንዱማ ሚጥሚጣ ይዞ ቀረበ።
ስለዚህ ሳሙና። አረፋው ባገጫቸው ሲወርድ፣
ያን ጊዜ ነው ጩኸት፣ ያን ጊዜ ነው መርበድበድ።

ደንቡ እንዲህ ነው፤ አንዱ ሲታገል፣
ሌላው ገመድ ይዞ ከጥግ ይቆማል።
የደከመው ሲመጣ መዳፉን ዘርግቶ፣
ጓደኛው «ጧ!» አድርጎት ይገባል ተተክቶ።
አገር «እጅ ሰጠ» ሲል ተሸነፈ ማለቱ ነው፤
እነሱ እጅ ሲሰጡ ነው ግጥሚያው የሚጀምረው።

ደብረ ታቦር፣ ዳባት፣ ሁመራ ድረስ ወርደው፣
የስንቱን ጎረምሳ ጀርባ አጥቁረው።
ከመድረክ ውጭ ነበር የከበደው ሥራ፤
አውሬ ሰላም አይልም፣ አውሬ ዋጋ አይጠራ።
ጨው ሲገዙ በጣት፣ በማጉረምረም ሽሮ፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ምላስ ታስሮ ኖሮ።
አዛናው ሊያገባ ሽማግሌ ቢልክ፣
«ይናገራል ወይ?» ብለው ጠየቁ አባት፤
ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ሽባባውን ፈርተው፣ «አዎ፤ ግን በቤት።»

ማታ ነው፤ ሐምሌ ነው፤ ቆርቆሮው ያጓራል፤
ክንድዬ ከገመዱ ላይ ይዘላል።
ጉልበቱ እንደ ጭራሮ «ቀጭ» ሲል ተሰማኝ፤
መፍቻው እጄ ላይ ከበደ፤ መምታት አቃተኝ።
አዛናው ከጥጉ መዳፉን ዘረጋ፤ ስንዝር ቀረ፤
ያኔ አውሬው ተናገረ፦
«ክንድዬ! ወንድሜን! እባካችሁ ጌቶቼ፣ ሐኪም ጥሩ!»
በጠራ አማርኛ፣ ዳዊት እንደ ደገሙ ደብተራ ሁሉ።
አዳራሹ ዝም። ዝናቡ ብቻ ሲያወራ።
ቀጥሎ ከወደ ኋላ፦
«ስሙኒዬን መልሱ! ይሄማ ሰው ነው፣ ተራ!»

ሽባባው ለምዱን ሸጡት፤ ሲኒማውም ተዘጋ፤
ቸርኬውን ትምህርት ቤት ወሰደው፤ ይደወላል ሲነጋ።

አሁን አራዳ፣ ግንብ ሥር፣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤
አይነጋገሩም። ሰዎች «ተጣልተዋል» ይላሉ።
አልተጣሉም።
ለምደውት ነው።

ባለፈው ዘይት መጥቶ፣ ሰልፉ ቀሃ ድረስ ተጉዞ፣
ክንድዬ ቆሞ አየሁት፣ ከዘራ ተመርኩዞ፤
አዛናው ከጥላው፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል።
ፀሐዩ ይበረታል፤ ያ ጉልበት ይንቀጠቀጣል።
ክንድዬ ዞር ሳይል፣ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ፤
ጧ!
አዛናው ሰልፉ ውስጥ ገባ፤ ክንድዬ ወደ ድንጋዩ ተጠጋ።
አንዲት ሴት «ኧረ ተራ! ሽማግሌ ሆናችሁ!» አለች፤
እውነቷን ነው፤ ከየት ታውቃለች።
እኔ ግን ከሰልፉ ጫፍ፣ እጄን ኪሴ ገብቶ
የሌለ መፍቻ ሲፈልግ አገኘሁት፣ ደወል ሊመታ ሽቶ።