ሃያ ሁለተኛው ቀን

ከጎማ ቤት በነጻ ያገኘሁት የቀን መቁጠሪያ
ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል፤
ላዩ የበረዶ ጎማ፣ ታቹ የእኔ ወር።
በጥቁር እስክሪብቶ ደህና የዋልሁባቸው፣
በቀይ አንድ ነገር የሰበርሁባቸው፣
ወይ ሰው።

ኤድመንተን ውስጥ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ ነው የምነዳው።
በሃያ ሁለተኛው ቀን
ቲኬት ሳይቆርጥ የሚሳፈር አንድ ሐሳብ አለ።
ከኋላዬ ቆሞ ማጅራቴ ላይ ይተነፍሳል።
«ያለ አንቺ ይቀላቸዋል» ይለኛል፣ ድልድዩ ጋ ስንደርስ።
ዞሬ አላየውም።
መሪዬን አጥብቄ ይዤ
ቀጣዩን ፌርማታ ለሕዝቡ እጠራለሁ።
ደሙ ሲመጣ ይወርዳል፤
በኋላ በር፣ ደህና ዋዪ እንኳ ሳይል።

ቤት ስገባ ግን ፍሬን የለኝም።
ለአንድ ማንኪያ ብዬ ኅሊናን አስለቅሻታለሁ፤
ልጄን ነው፣ ስድስት ዓመቷ ነው፣
ያኛው ኅሊና የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።
ቦቲዬን እንዴት አውልቄ እንደምጥለው ሰምታ
ከክፍሏ መውጣት አለመውጣቷን ትወስናለች።
አንተነህ ክፉ አይናገርም።
ትራሱን ብቻ ይዞ ሳሎን ይሄዳል።
እህቱ ከካልጋሪ ደውላ
«ሁላችንም ሴቶች ነን እኮ» አለችኝ።

የመጀመሪያው ሐኪም «ጨው ቀንሺ፣ በእግርሽ ሂጂ» አለ፣
ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሣ።
ውጪው ከዜሮ በታች ሠላሳ ነበር።
ሄድሁ።
ሐሳቡም አብሮኝ ሄደ።

ሁለተኛዋ ጋ አስተርጓሚ ጠየቅሁ።
እንግሊዝኛ አላጣሁም፣ ከተሳፋሪ ጋር እጣላበታለሁ፤
ይኼን ግን ፈተና ተፈትኜ ባለፍሁበት ቋንቋ
መናገር አልሆነልኝም።
ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።
«አስተርጓሚ ቁጥር አርባ አራት አሥራ ሰባት» አለች። ስም የላትም።
«የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል» ብዬ ጀመርሁ፣
እዚያው ላይ ቆምሁ።

አበባ አሉት ደሙን፣ አፍረው ግን አሳምረው፣
ወሩን አስታቀፉት፣ ከጨረቃ ቆጥረው፤
ከእሱ ፊት ላለው ሳምንት ስም ያወጣለት የለም፣
ከእናት ወደ ልጅ ይወርዳል፣ ሳይነገር፣ ሳይታከም።

«ለአሥር ቀን ሌላ ሴት ትመጣለች» አልሁ፣ «ቁልፌ አላት።
ልብሴን ትለብሳለች፣ ባሌን በስሙ ትጠራዋለች፣
ልጄ ትፈራታለች።
ስትሄድ ስብርባሪውን የምለቅመው እኔ ነኝ።»

ስልኩ ጸጥ አለ።
የተቋረጠ መስሏት ዶክተር ሃላይኮ ዘንበል አለች።
መጀመሪያ ትንፋሽ፣ ከዚያ ጉሮሮ መጥረግ፣
«ይቅርታ፣ ስንት ቀን አልሽኝ?»
አሥር እንዳልሁ ሰምታለች።
መስማቷን እኔም ሰምቻለሁ።

መቁጠሪያውን ከቦርሳዬ አወጣሁ።
አራት ጎማ፣ አራት ወር።
ዶክተሯ በጣቷ ቀዩን ተከትላ ገጹን ገለጠች፣ ደግማ ገለጠች፣
ከዚያ ሳትቸኩል ጠየቀችኝ፦
ራስሽን ለመጉዳት ታስቢያለሽ?
«ይሳፈራል» አልሁ። «እስካሁን የምነዳው ግን እኔ ነኝ።
በዚህ ወር ክንዴ ደክሟል።»

ስም አለው አለች፣ በአራት ፊደል የሚጠራ።
የእሷ ዓረፍተ ነገር አጭር ነበር፣
የአማርኛው ረዘመ፦
«ጸባይሽ አይደለም ትላለች። እርግማንም አይደለም።
ብቻሽን አይደለሽም... ትላለች።»
የመጨረሻውን ዶክተሯ ያለችው አልመሰለኝም።

ክፉ ሌሊት ሲመጣ የምደውልበትን ቁጥር ጻፈችልኝ፤
አንተነህ ስልኩ ላይ መዘገበው፣ ሳልነግረው።
ክኒኗ ከምስር ፍሬ ታንሳለች፤
የወሩን እኩሌታ እውጣታለሁ።
ተአምር አይደለችም፣
የመጀመሪያው ወር ትርፉ ማቅለሽለሽ ነበር።

ዛሬ በሦስተኛው ወር፣ በሃያ ሁለተኛው ቀን፣
ሳሕን ከእጄ አመለጠ።
ሁላችንም ቆመን ጠበቅን፤
ኅሊና በሩ ሥር፣ አንተነህ ሽንኩርቱን እንደያዘ፣
እኔም ራሴን።
ምንም አልመጣም።
ሳሕን ነበር የተሰበረው።
መጥረጊያ አመጣሁ።

ነገ ሳይነጋ ስምንት ቁጥርን አወጣለሁ።
የኋላ በሩ በዚህ ብርድ ይጣበቃል፤
በእርግጫ ነው የሚከፈተው።